ጃይፑርን በሁለት ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

የሕንድ የራጃስታን ግዛት ዋና ከተማ ጃይፑር ከዴልሂ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። አብዛኛው ጎብኚ እንደገባ የሚሮጠው በፎቶግራፍ ወደሚያውቀው፣ ሀዋ ማሃል ወደተባለው ሕንፃ ነው፤ እኔ ግን ነገሥታቱ ራሳቸው የወረዱበትን መንገድ ተከትሎ ከኮረብታው ምሽግ ወደ ሜዳው ከተማ መምጣቱ ይሻላል እላለሁ። ዳግማዊ ሳዋይ ጃይ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1727 ጃይፑርን የቆረቆሩት የአባቶቻቸው መናገሻ አምበር ለሕዝቡ ስለጠበበችና ውኃ ስላነሳት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የአምበርን ጥበት ያየ ሰው የአዲሲቱ ከተማ ጎዳናዎች ለምን ያን ያህል ሰፊና ቀጥ ያሉ እንደሆኑ ሳይነገረው ይገባዋል።

ለጉዞው የሚመረጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ጥላ በሌለው የምሽግ ግቢ መቆም ቅጣት ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው ከቪዛው ሌላ፣ ሕንድ ከመግባቱ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የወሰደውን የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል፤ ይህን ያልያዘ መንገደኛ ለቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። ከአዲስ አበባ ዴልሂ ቀጥታ በረራ አለ፤ ከዚያ ጃይፑር ለመድረስ በባቡር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል።

ከተማው ውስጥ የሚያመላልሰው «አውቶ» የሚሉት፣ እኛ ግን በሕንዳዊው ሠሪ ኩባንያ ስም ባጃጅ የምንለው ተሽከርካሪ ነው። ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይስማሙ። ሾፌሩ በመንገድ ላይ «ለአንድ አፍታ ብቻ» ብሎ ወደ ጌጣጌጥ ወይም ምንጣፍ ሱቅ ሊወስድዎ ቢሞክር፣ ከሽያጩ ድርሻ እንደሚያገኝ አውቀው በትሕትና እምቢ ይበሉ።

በመጀመሪያው ቀን ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ወደ አምበር ምሽግ በሩ ሲከፈት፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በሕንዶቹ አቆጣጠር 8 ሰዓት) ላይ ይድረሱ። እዚያው አምበርን፣ ሀዋ ማሃልን፣ ጃንታር ማንታር የተባለውን የጥንት የሰማይ መመልከቻ ቦታና የናሃርጋርን ምሽግ አጠቃልሎ ለሁለት ቀን የሚያገለግለውን የጋራ ትኬት ይጠይቁ። ወደ ላይ በዝሆን የሚወጡ አሉ፤ መንገዱ ግን በእግር ከሩብ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ እንስሳውን ማድከም ተገቢ አይመስለኝም። ራጃ ማን ሲንግ በ1592 ማሠራት የጀመሩት ይህ ግቢ የተደራጀው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፦ በቅድሚያ ሠራዊቱ የሚሰለፍበት ሜዳ፣ ቀጥሎ ንጉሡ ለሕዝብ ችሎት የሚቀመጡበት አዳራሽ፣ ከዚያም በሥዕል ያሸበረቀውን የጋኔሽ በር አልፎ የንጉሡ እልፍኝ ይመጣል። የመስታወቱ አዳራሽ እዚህ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው በጥቃቅን መስታወቶች ስለተለበጠ አንዲት ሻማ እንኳ ብትበራ ብርሃኗ ተባዝቶ ከዋክብት የሞሉበት ሰማይ ይመስላል። ከሁሉ በስተኋላ ያለውን የሴቶች ግቢ ብዙዎች ሳያዩት ይመለሳሉ፤ እርስዎ ግን አይዝለሉት።

ከሰዓት በፊት አቅም ከተረፈዎ ከበላዩ ወዳለው ጃይጋር ምሽግ ይውጡ። ለዚህኛው የሚከፈለው ለብቻው ነው። በ1720 የተሠራው ጃይቫና የተባለ ግዙፍ ባለመንኮራኩር መድፍ የሚገኘው እዚያ ነው። ሲመለሱ በሐይቅ መካከል የቆመውን ጃል ማሃል የተባለ ቤተ መንግሥት ከዳር ሆኖ መመልከት ይበቃል።

ሁለተኛውን ቀን በጠዋት ከሀዋ ማሃል ይጀምሩ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ታደምቀዋለች። በ1799 የተሠራው ይህ ባለ አምስት ደርብ ሕንፃ 953 መስኮቶች ያሉት፣ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ሳይታዩ ጎዳናውን እንዲያዩ ነው። መግቢያውን ከጎዳናው በኩል ቢፈልጉት አያገኙትም፤ በጀርባው ዞረው ይግቡ። የአካባቢው ሮዝ ቀለም ደግሞ በ1876 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ሲጎበኝ ከተቀባው የወረሰው ነው።

ቀጥሎ በእግር ወደ ከተማው ቤተ መንግሥት ይሂዱ። የንጉሣዊው ቤተሰብ ይዞታ ስለሆነ የጋራው ትኬት እዚህ አይሠራም። አራቱን ወቅቶች የሚወክሉት አራት በሮች፣ በተለይም የጣዎሱ በር፣ ጊዜ ሰጥቶ ማየት የሚገባቸው ናቸው። ከእነርሱ ይልቅ እኔን ያስገረሙኝ ግን ሁለቱ የብር ጋኖች ናቸው፤ ማሃራጃ ማዶ ሲንግ በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሲሄዱ የባዕድ አገር ውኃ ላለመጠጣት የጋንጀስን ውኃ የጫኑት በእነዚህ ነው።

ከአጠገቡ ያለውን ጃንታር ማንታርን ለእኩለ ቀን ያቆዩት፤ መሣሪያዎቹ ያለ ፀሐይ ዝም ያሉ ድንጋዮች ናቸው። 27 ሜትር ከፍታ ያለው የፀሐይ ሰዓት ጥላ በደቂቃ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጓዝ በዓይን ይታያል፣ ጊዜንም እስከ 2 ሰከንድ ልዩነት ይለካል። ከእጅ ሰዓትዎ ጋር ባይስማማ ተሳስቷል አይበሉ፤ እርሱ የሚያሳየው የጃይፑርን ፀሐይ ሲሆን፣ የሕንድ ይፋዊ ሰዓት ግን ከጃይፑር በስተምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሚቆጠር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀድማል።

ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ወደ ናሃርጋር ምሽግ ይውጡ። በዘጠኝ ክፍል የተቀየሰችው ከተማ ከዚያ ሆነው ሲያዩዋት እንደ ገበጣ ተዘርግታ ትታያለች። ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ሲመሽም ተሽከርካሪ በቀላሉ ስለማይገኝ ያወጣዎትን ባለ አውቶ ጠብቆ እንዲመልስዎ አስቀድመው ይስማሙ፣ ገንዘቡንም ከተማ ሲደርሱ ይክፈሉት።