«እምቢ» ማለትን በጨዋታ ማለማመድ

ጅማ ውስጥ ልጅ ጫት ሳያይ አያድግም። በርጫ ላይ የተቀመጠ ጎረቤት «ማሙሽ፣ እስቲ ሮጥ በልና አንድ ሲጋራ ግዛልኝ» ይላል። ለቀልድ ብሎ ቅጠል የሚያቀምስም አይጠፋም። ልጁ ደግሞ የላከው ትልቅ ሰው ስለሆነ እምቢ ማለት ያፍራል።

መላው ቀላል ነው። ከእራት በኋላ ድራማ ተጫወቱ። እናንተ ላኪ ሁኑ፤ ልጁ «ይሄን እንዳልገዛ እማዬ ከልክላኛለች፣ ውሃ ላምጣልዎት?» ብሎ ይመልስ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። እናንተን ሲልክ በሳቅ ፍርስ ይላል፣ መልሱ ግን አፉ ላይ ይቀራል። የሚሠራውም ለዚህ ነው፦ ድንገት ሲጠየቅ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ የለመደው ቃል ይቀድማል። በእናንተ ማሳበቡም «ባለጌ» ከመባል ያድነዋል። ሕጉም ከጎኑ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም መጠጥም መሸጥ ይከለክላል።

ሲጋራ ግዛ ብላችሁ የምትልኩት እናንተው ከሆናችሁ ግን ጨዋታው ዋጋ የለውም። ለጎረምሳም አይሆንም፣ ይስቅባችኋል። ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ በግልጽ ማውራት ይሻላል።