በልብስ ስፌት ፋብሪካ ደኅንነትንና ጥራትን ከላይ መምራት፦ ለሐዋሳ ሥራ አስኪያጆች

ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ስፌት መስመሩ ላይ ደርሶ የሚያስቀድመው ጥያቄ የቀኑን ውሎ ይወስነዋል። «ትናንት ስንት ወጣ?» ካለ ሱፐርቫይዘሩም ኦፕሬተሯም ለዚያ ቁጥር ሲሮጡ ይውላሉ፤ የደኅንነት ማስታወቂያውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ፦ መጀመሪያ የተጎዳ ወይም ለጥቂት የተረፈ ሰው እንዳለ፣ ቀጥሎ የትኛው ስፌት ተደጋግሞ ለጥገና እንደተመለሰ፣ በመጨረሻ ምርቱን ይጠይቁ። አጀብ ሳያስከትሉ በቀን አንድ መስመር፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ጭነት በተጣደፈበት ሳምንት ግን ፈጽሞ እንዳይዘሉት፤ ሠራተኛው የአለቃውን ልብ የሚመዝነው ያኔ ነው።

ደኅንነትና ጥራት አንድ ሥራ መሆናቸውን ለማየት መርፌው ጋ ጎንበስ ይበሉ። የጣት መከላከያዋ በብሎን የምትታሰር ቀጭን ሽቦ ናት። ክር በተበጠሰ ቁጥር መልሶ ለማስገባት ስለምታስቸግር፣ ታርጌት (የዕለቱ የምርት ግብ) የሚያስጨንቃት ኦፕሬተር ወደ ጎን ታጣምማታለች ወይም ጭራሽ ትፈታታለች። ያኔ መርፌው ጣት ይወጋል፤ ከተሰበረም ስባሪው ልብሱ ውስጥ ተሰክቶ ገዢው እጅ ሊደርስ ይችላል። ኦፕሬተሯን መቅጣት መከላከያዋን አይመልሳትም። መካኒኩ አቀማመጧን እንዲያስተካክል፣ ካልሆነም ክር ሲገባ ወደ ላይ የሚነሣ ዓይነት እንዲገዛ ያድርጉ። ግዢውን የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።

መርፌ ሲሰበር የስፌት መኪናው ይቁም፣ ሱፐርቫይዘር ይጠራ። ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ፤ ሲገጣጠም አንድ ሙሉ መርፌ መሆን አለበት። አዲስ መርፌ የሚሰጠው አሮጌው ሲመለስ ብቻ ነው። አንዲት ስባሪ ከጠፋች በዙሪያው ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ በብረት መመርመሪያ ማሽን ይለፍ፤ ማሽኑም አስቀድሞ ገዢው በወሰነው መሞከሪያ ካርድ (ትንሽ የብረት ኳስ የተቀበረበት፣ ኳሱም ብዙ ጊዜ 1.0 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይፈተሽ። መዝገቡ ባዶ ሆኖ ካገኙት አይደሰቱ፤ ከመጋዘን የወጣውን የመርፌ ብዛት ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ። ልዩነት ካለ መርፌ እየተሰበረ እየተደበቀ ሊሆን ይችላል። አንድ መኪና ላይ ከተደጋገመ ደግሞ የመርፌውና ከሥር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ የመገናኛ ጊዜ ተዛብቷል፣ ወይም ለወፍራም እጥፋት ቀጭን መርፌ ተገጥሟል፣ አለዚያ ኦፕሬተሯ ለመፍጠን ጨርቁን እየጎተተች ነው። ሦስቱም መፍትሔያቸው ይለያያል።

ሥራ የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይስጡና ይፈርሙበት። በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013 ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። «አቁሙ» የሚል ሰው ሳይፈራ እንዲናገር፣ መስመሩ የቆመበት ጊዜ ከዕለቱ ታርጌት ይቀነስለት። ይህ ካልተደረገ ፊርማዎ ወረቀት ብቻ ነው።

የአደጋ ጊዜ መውጫዎችን ራስዎ ከውስጥ ገፍተው ይፈትሹ። ስርቆት በመፍራት የሚቆለፉ በሮች አሉ። ለስርቆት መፍትሔው ውጭ ጥበቃ ማቆም ወይም በሩ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል መግጠም ነው፤ ቁልፍ ሊንጠለጠልበት አይገባም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታ አለበት። ኮሚቴው ብዙ ቦታ የሚሞተው ውሳኔ መስጠት የማይችል ሰው ስለሚመራው ነው። ቢያንስ በወር አንዴ እርስዎ ይቀመጡበት፤ ቃለ ጉባኤው ችግሩን፣ ኃላፊውንና ቀኑን ይያዝ፤ ቀጣዩ ስብሰባ ካልተዘጉት ጉዳዮች ይጀምር።

ሐዋሳ ላይ የቋንቋ ነገር ተናቆ መታለፍ የለበትም። ብዙዎቹ ኦፕሬተሮች ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ወጣቶች ናቸው። በአማርኛ የተሰጠ ሥልጠና ላይ ራሷን የነቀነቀች ሁሉ ገብቷታል ማለት አይደለም። በሲዳምኛና በወላይትኛ ያስረዱ፤ ከዚያ መርፌ ስትቀይር፣ መኪና ስታጠፋ በእጇ ሠርታ ታሳይ።

ካይዘን (ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) የጀመሩ ፋብሪካዎች አምስቱን «ማ» ያውቋቸዋል። ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት በጥቂት ሳምንት ይደረስባቸዋል፤ ማላመድና ማዝለቅ ላይ ነው የሚወደቀው፤ ምክንያቱም ወለሉ የሚቀባው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

የጉርሻ ነገር ሲመጣ «በወሩ አደጋ ላላስመዘገበ መስመር» ብለው ሽልማት አያድርጉ፤ የተወጋ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደበቃል። ለጥቂት የታለፈ አደጋን ወይም የተበላሸ መከላከያን ቀድሞ ያሳወቀውን ያመስግኑ፤ ከሱፐርቫይዘሩ ጉርሻ ላይም የተወሰነውን ክፍል ለጥገና ከተመለሰው ልብስ መጠንና በጊዜው ከተዘጉት የደኅንነት ጉዳዮች ጋር ያያይዙት።