ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለትን ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምመው?

በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ፣ ማለትም ድምፅ የሚወጣበት የጉሮሮ ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ብቻ ነው። ለጊዜው አይደለም፣ ዕድሜ ልኩን ነው። ይህን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር ማወቅ አለባቸው፤ ምክንያቱም ድንገት ራሱን ቢስት ኦክስጅንም ሆነ ትንፋሽ የሚሰጠው በአፉ ሳይሆን በአንገቱ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱም መጀመሪያ የምትናገሩት ይህን ይሁን። «በአንገቴ ነው የምተነፍሰው» የሚል ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይኑር።

ትልቁ ሥራ አክታ ነው። ድሮ አፍንጫው አየሩን ያሞቅለት፣ ያረጥብለት፣ አቧራውን ያስቀርለት ነበር። አሁን ደረቁ አየር በቀጥታ ሳንባው ይገባል። አክታው ይበዛል፣ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ቀዳዳውን ሊዘጋ የሚችለውም ይሄ ቅርፊት ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት አስቀምጡት፣ ከፋርማሲ የገዛችሁትን ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ነርሷ ባሳየቻችሁ መጠን ቀዳዳው ውስጥ ጠብ አድርጉለትና ያስሰው። የወጣውን በንጹሕ ጎዝ ጥረጉ። ጠርዙ ላይ በዓይን የሚታየውን ቅርፊት በንጹሕ ወረንጦ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ወደ ውስጥ ግን አትቆፍሩ። ጥጥና ሶፍት አትጠቀሙ፣ ብናኙ ከትንፋሹ ጋር ይገባል። ቀዳዳው ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ ካለው አጥባችሁ ቶሎ መልሱለት፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀዳዳው ሊጠብ ይችላል።

ቀዳዳው ላይ የተዘጋጀለት ማጣሪያ ወይም ስስ ንጹሕ ጨርቅ ይኑርበት። ከሰሉ፣ ዕጣኑና የሚቆላው በርበሬ እሱ ካለበት ክፍል ይውጣ። ቡናውን ግን አብሯችሁ ይጠጣ፣ እባካችሁ ለብቻው አታስቀምጡት። የማሽተት አቅሙም ስለሚደክም የተበላሸ ምግብና የጋዝ ሽታ እናንተ ጠብቁለት። ሲታጠብ ውሃው ከአንገት በታች ይሁን፣ ዋና ክልክል ነው።

ስለ ምግብ ብዙ ቤተሰብ ይፈራል። ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ብላ ካለው በኋላ የምግቡና የአየሩ መንገድ ተለያይቷልና ትን ይለዋል ብላችሁ አትስጉ። የድምፅ ቫልቭ (እንዲናገር በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል የሚገባ ትንሽ መሣሪያ) የገባለት ሰው ሻይ ሲጠጣ ካሳለው ግን ቫልቩ እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ይታይለት። ቫልቭ ባይኖረውም ለመናገር አንገት ላይ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ በጉሮሮ አየር መናገርም በልምምድ ይመጣል። እስከዚያው ደብተርና እስክሪብቶ ከእጁ አይራቅ፣ ሌሊት ደግሞ የሚያንኳኳው ወይም የሚደውለው ነገር አጠገቡ ይሁን። እየጻፈ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት፣ ጠብቁት።

ከወራት በኋላ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከበዛበት፣ በተለይ ጨረርም ወስዶ ከሆነ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከቀዳዳው ደም ከፈሰሰ ወይም የወጣው ቱቦ አልመለስ ካለ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።