ጨፌው ያለወቅቱ ሲደርቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጅማ ዙሪያ ጨፌ ደረቀ ሲባል መጀመሪያ የሚከሰሰው ዝናቡ ነው። በዚህ አካባቢ ግን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይዘንባል። 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሄክታር ላይ ሲያርፍ 10,000 ሊትር ነውና፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 15 ሚሊዮን ሊትር ይደርሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የዝናብ ማነስ ሳይሆን ወይ የመግቢያው መዘጋት ወይ የመውጫው መስፋት ነው። ስለዚህ የደረቀውን መሀል ትታችሁ ዳር ዳሩን መርምሩ።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ሳያውቁ አካፋ ማንሳት ድካም ነው። ጨፌ ውሃ የሚያገኘው በቀጥታ ከዝናብ፣ ከዳገቱ ሥር ከሚመነጭ የከርሰ ምድር ውሃ ወይም ከወንዝ ሙላት ነው። ብዙዎቹ ሦስቱንም ያገኛሉ፤ አንዱ ግን ሁልጊዜ ይበልጣል። እንደ ቦዬ ያሉ፣ ከተማው ግርጌ የተዘረጉ ሜዳማ ረግረጎች ከወንዝ ሙላት ጋር ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። በኮረብቶች መሀል የተወሸቁት ጠባብ ጨፌዎች ደግሞ በጋውን የሚያልፉት በምንጭ ነው። (ከ4,000 ሜትር በላይ ያሉት የባሌ ሳነቴ ረግረጎች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ ሌሊት አፈሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ከዚህ በታች ያለውን እዚያ አትሞክሩት።)

መለኪያው ርካሽ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቱቦ ግዙ። የታችኛውን 1.2 ሜትር በብረት መጋዝ በየ5 ሴንቲሜትሩ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ ሰንጥቁ፤ ጭቃ እንዳይገባበት ያረጀ የናይለን ካልሲ አልብሱት፤ ሥሩንም በክዳን ድፈኑት። 1.5 ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ አቁሙትና ዙሪያውን በሻካራ አሸዋ ሙሉ። የላይኛውን 20 ሴንቲሜትር ግን በሸክላ አፈር ጠቅጥቁ፤ አለዚያ የገጹ ጎርፍ በቱቦው ጎን ወርዶ ያሳስታችኋል። ከመሬት በላይ 50 ሴንቲሜትር ይቀራል። ደረቅ ቀጭን ዘንግ ጠመኔ ቀብታችሁ ስትከቱት የረጠበው መስመር የውሃውን ልክ ያሳያል፤ ከቱቦው አፍ እስከ ውሃው ካለው ርቀት ላይ 50 ሲቀነስ ውሃው ከመሬት ስንት እንደራቀ ታገኛላችሁ።

ሦስት ቱቦ በአንድ መስመር ትከሉ፤ አንዱ ከዳገቱ ግርጌ፣ አንዱ ከመሀል፣ አንዱ ከመውጫው አጠገብ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳትለውጡ ለኩ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ዘሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚወርድ ከሆነ ጨፌው የዝናብና የጎርፍ ነው። በጋም ክረምትም ብዙ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የምንጭ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ከመሀለኛው ጎን ሌላ ቱቦ ጨምሩ፤ የዚህኛው የታችኛው 20 ሴንቲሜትር ብቻ ይሰንጠቅ፣ ከዚያ በላይ ያለው ዙሪያው በሙሉ በሸክላ ይታሸግ። የዚህኛው ውሃ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ከቆመ ውሃው ከሥር ወደ ላይ እየገፋ ነው። ዝቅ ካለ ጨፌው ወደ ታች እያፈሰሰ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገድ፦ ውሃው ላይ የዝገት ቀለም ያለው፣ እንደ ነዳጅ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ስታዩ ቶሎ «ዘይት ተደፋበት» አትበሉ። በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ ቅርፊት ተሰባብሮ ከቀረ ከከርሰ ምድር የወጣ ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው፤ ምንጭ መኖሩን ይነግራችኋል። ተመልሶ ከተገጣጠመ ያኔ ነዳጅ ነው።

ምልክት፦ ቄጤማው ሳስቶ ሰርዶ ገባ፣ ጨፌው በታኅሣሥ ይሰነጠቃል

ቄጤማ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ሰርዶ ደግሞ ውሃ ሲተኛበት አይወድም። ሰርዶ ወደ መሀል ከገፋ ውሃው ርቋል ማለት ነው። የመውጫው ቱቦ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ከታየ ጥፋተኛው መሀል ለመሀል የተቆፈረው ቦይ ነው። ለበቆሎ ተብሎ በበጋ ይቆፈራል፤ እሸቱ ከተነሳ በኋላ መልሶ መድፈን ይረሳል፤ በየዓመቱ «ሲጠረግ» ደግሞ አንድ አካፋ እየጨመረ ይጠልቃል። 40 ሴንቲሜትር የነበረው ቦይ ሳይታወቅ ከሜትር ያልፋል።

መፍትሄው ቦዩን በአፈር ክትር ደረጃ በደረጃ መዝጋት ነው። ጊዜው ጥርና የካቲት፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ነው። መጀመሪያ ግንበኞች በሚይዙት ውሃ በተሞላ ነጭ ቱቦ የቦዩን ቁልቁለት ለኩ። በ100 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነና እያንዳንዱ ክትር 25 ሴንቲሜትር ውሃ እንዲያቆም ከተፈለገ፣ በየ25 ሜትሩ አንድ ያስፈልጋል፤ ማለትም 4 ክትር። አንድ ትልቅ ክትር ታች ሠርቶ መገላገል የሚያምራቸው አሉ፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይዞት ይሄዳል።

አሠራሩ፦ ክትሩ በሚያርፍበት ቦታ አረሙንና ለስላሳውን ጭቃ ጠንካራ ሸክላ እስኪገኝ ጥረጉ። በግራና በቀኝ ግድግዳው ውስጥ 50 ሴንቲሜትር፣ ከሥር 30 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ግቡ። እርጥብ ሸክላ በ15 ሴንቲሜትር ድርብርብ እየሞላችሁ ጠቅጥቁ። ጥቁሩን፣ ሥር የበዛበትን የላይ አፈር አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውሃም ያሳልፋል። በቦዩ ርዝመት 2 ሜትር ይኑረው፤ ስለሚሰምጥም ከዳርቻው 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። የተረፈው ውሃ በክትሩ አናት ሳይሆን ከጎኑ ሳሩ ላይ እንዲበተን ዝቅ ያለ መተላለፊያ ተዉለት። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ፤ የታችኞቹ ጫናቸው ይቀላል።

ጎረቤቱ በቆሎ ዘርቶ ከሆነ ሰብሉ እስኪነሳ ውሃው ከመሬት 40 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ይህን በቃል ተስማምቶ መጀመር ይሻላል፤ ያለ ስምምነት የተሠራ ክትር ሌሊት ይቆረጣል።

ምልክት፦ መውጫው ላይ ቦረቦር ተከፍቶ ወደ ላይ ይሄዳል

ይህ ካለ ሌላውን ሁሉ አቁሙና ይሄን ቅደሙ። ለጡብ ሸክላ ሲቆፈር ወይም ከብት አንድ መስመር ሲመላለስ የመውጫው ደፍ ይወርዳል፤ ውሃው እዚያ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ከሥር ይፈለፍላል፣ የቦረቦሩም ራስ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ጨፌው ይጠጋል። ቀጥ ብሎ የቆመውን የቦረቦር ራስ ቆርጣችሁ በ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት አድርጉት። ከሥር ጠጠር አንጥፉ፣ ከላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩ። ጠጠሩ ከተዘለለ አፈሩ በድንጋዩ መሀል ሾልኮ ይወጣና ካቡ ባዶ ላይ ይቀራል። ከእሱ በታች የድንጋይ ክትር ስትሠሩ መሀሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ውሃው የሚወድቅበትም ቦታ ድንጋይ ይነጠፍ። ከዚህ የሚታጠበው ደለል ወደ ግልገል ግቤ፣ ከዚያም ወደ ግድቡ ነው የሚወርደው።

ምልክት፦ ቦይ የለም፣ ግን የላይኛው ዳር ይደርቃል

የዳገቱ ግርጌ ቱቦ ከሌሎቹ ቀድሞ ከወረደ፣ ከሥር የሚገፋው ውሃም ከደከመ፣ ክትር ምንም አይረዳም። ዳገቱን እዩ። ጨፌውን የከበበ ባህር ዛፍ ብዙ ጊዜ መልሱ ነው፤ ሥሩ ወደ ጨፌው የሚመጣውን ውሃ መንገድ ላይ ይቀበላል። መቁረጥ ብቻውን ከንቱ ነው፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ወይ ጉቶውን ንቀሉ፣ ወይ ቡቃያውን በየ2 ወሩ እየሰበራችሁ አድክሙት። በቦታው ዋንዛ፣ ብርብራ ወይም ሰሳ ትከሉ፤ ሦስቱም ለቡና ጥላ ይሆናሉና ባለመሬቱ አይከስርም።

ከዚያ በላይ ባለው ዳገት ውሃ የሚያሰርጉ ትሬንቾች ቆፍሩ፤ 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት። አንዱ ሲሞላ 750 ሊትር ይይዛል። የላይኛው ረድፍ ክፍተት የታችኛው ረድፍ ትሬንች ፊት ይዋል። መሬቱ የመንሸራተት ምልክት ባለበት ግን አትቆፍሩ።

ምልክት፦ በቡና እጥበት ወቅት ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል

እዚህ ጉድለቱ የውሃ መጠን ሳይሆን የኦክስጅን ነው። ከቡናው የሚታጠበው ስኳራም ልጋግ ሲቦካ ውሃው ይኮመጥጣል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። ኖራ ጨምሮ መልቀቅ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል እንጂ ኦክስጅን አይመልስም። ገለፈቱ ከውሃው ተለይቶ ወደ ኮምፖስት ይሂድ፣ የእጥበቱ ውሃ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይዋል፣ የቀረው ሸክላ በተለጠፈበት ጉድጓድ ይቆይ። ጨፌው ያጣራል ብሎ ጥሬውን መልቀቅ ጨፌውንም መግደል ነው። ዓመቱን ሙሉ ቄጤማውን የሚውጥ ፊላ ካያችሁ ግን ከፍሳሽ ወይም ከማዳበሪያ የመጣ ንጥረ ነገር በዝቷል፤ መግቢያውን ተከትላችሁ ምንጩን ፈልጉ።

ክትሮቹን ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ዙሯቸው። አናቱን ሳይሆን ጎንና ጎኑን እዩ፤ ከታች በኩል ጥርት ያለ ቀጭን ውሃ ካንጠባጠበ ተዉት፣ ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና ያንኑ ቀን ቆፍራችሁ እንደገና ጠቅጥቁት።