የሐበሻ ሽንኩርት ጓሯችሁ ስትተክሉ ይህን አትሳሳቱ

ለገጣፎ ጓሮዬ ውስጥ የሐበሻ ሽንኩርት ከተከልኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ለዘር የሚሆን ራስ ገዝቼ አላውቅም፤ ራሱን በራሱ ይተካል። ጎረቤት «እኔ ጋ እኮ እምቢ አለ» ሲለኝ ሄጄ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ያንኑ ስህተት ነው።

የተተከለው የገበያው ትልቁ ሽንኩርት፣ ቦምቤ የሚባለው ነው! እባካችሁ፣ ቦምቤ እንደ ሐበሻው ራሱ እየተከፈለ አይባዛም። ማድቤት የበቀለውን ራስ አፈር ውስጥ ስትከቱት ቅጠል ያወጣል፣ ደስ ይላችኋል፣ ቆይቶ እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ አገዳ ያወጣና ያብባል። ጉልበቱ ወደ ዘር ሄደ ማለት ነው፤ ስትቆፍሩት ደህና ራስ አታገኙም። ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ 4 ወር ውሃ ስታጠጣ የከረመችውን አሳይታኝ «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ምንም አላጠፋችም፣ የነገራት ሰው የለም እንጂ። ገበያ ስትሄዱ ለተከላ የሐበሻውን ትንንሹን፣ ሲላጥ ውስጡ ሁለት ሦስት ቦታ የተከፈለውን ምረጡ።

በጥልቀት አትቅበሩት። ጫፉ ከአፈሩ እኩል ይሁን፣ በመሃላቸው 15 ሳንቲሜትር ያህል ተዉ።

የእኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ይቋጥራል። እኔ በመጀመሪያው ክረምት ሜዳው ላይ እንዲሁ ተከልኩ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የራበው መስሎኝ እርጥብ ፍግ ጨመርኩበት፣ ባሰበት። አንዱን ሳብ ሳደርገው ቅጠሉ እጄ ላይ ቀረ፤ ራሱ ጭቃው ውስጥ ሟሙቷል፣ ሽታው አይጣል ነው። አንድም አልተረፈልኝ። አሁን መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ዙሪያውን ቦይ አወጣለሁ፣ የምጨምረውም በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ብቻ ነው። ተከላውንም ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ።

ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ፣ በላዩም ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ካያችሁ፣ ከዚያ መደብ ለማንም ዘር አትስጡ። በሽታው አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ነጭ ሽንኩርትንም ይይዛል።

አረሙን በእጅ ንቀሉ፣ የሽንኩርቱ ሥር ላይ ላዩን ስለሆነ ዶማ ይቆርጠዋል። ለሰላጣ ስትፈልጉ የዳር ዳሩን ቅጠል ቁረጡ እንጂ ሙልጭ አድርጋችሁ አትላጩት።

ቅጠሉ ሲተኛ ውሃ አቁሙ። ነቅላችሁ ነፋሻ ጥላ ላይ አድርቁት። ደግሞ ደህና ደህናውን በልታችሁ ጭራሮውን ለዘር አታስቀሩ! እኔ ከደህናው ላይ አስቀድሜ ለዘር እለያለሁ። ለዚያች ልጅ 10 ራስ የሰጠኋት ከዚያው ነው።