ሐይቁ በረዶ ሲሠራ፦ የትራያትሎን ልምምድን በክረምት እንዴት ማስቀጠል ይቻላል?

እኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የበቆሎ እሸት ነው። ወደ ሰሜናዊቷ የአሜሪካ ግዛት ወደ ሚኒሶታ ስመጣ ቃሉ ትርጉሙን ለወጠብኝ። እዚህ ክረምት ሲገባ ሐይቁ ድንጋይ ይሆናል። መስከረም መጀመሪያ ላይ የዋኘሁበት ውሃ ላይ በጥር ሰዎች ቆመው ዓሣ ያጠምዳሉ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን የምናገረው በአገራችን አቆጣጠር ነው። የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ ያለ ዕረፍት የሚደረጉበት ውድድር ነው። «ስፕሪንት» የሚባለው 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። በኦሊምፒክ የምናየው የዚህ እጥፍ ነው። እዚህ ሚኒሶታ የውድድሩ ወቅት መስከረም ላይ ያልቃል፣ ሰኔ አካባቢ እንደገና ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚጠፋው በዚህ መሀል ነው።

እኔም ጠፍቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ኅዳር ያቆምኩትን መጋቢት ላይ ነው የቀጠልኩት። የጎደለውን በአንዴ ልሙላ ብዬ ስሮጥ ጉልበቴን አመመኝ፣ የሰኔው ውድድርም አመለጠኝ። ያኔ ስህተቴ የበጋውን ወኔ በክረምት መፈለጌ ነበር። ክረምት የራሱ ሥራ ያስፈልገዋል። ያንን ሥራ ካገኘሁለት ወዲህ አላቋረጥኩም። መንገዱ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ በደንብ ዕረፉ

ከመጨረሻው ውድድር በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ፕሮግራም የሚባል ነገር አይኑራችሁ። የእጅ ሰዓቱን አውልቁት። በእግር ሂዱ፣ ከልጆች ጋር ኳስ ተጫወቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተኙ። ብዙ ሰው «የለፋሁበት ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ይፈራል። እውነት ነው፣ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሳችሁ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ብቃት መቀነስ ይጀምራል። ግን የቀነሰው ቶሎ ይመለሳል። ሳያርፍ ክረምቱን የጀመረ ሰው ግን ጥር ላይ ሁሉም ነገር ያስጠላዋል።

2. ውድድሩን መርጣችሁ ክፈሉ

«በሚቀጥለው በጋ እወዳደራለሁ» ማለት ብቻውን አያስነሳም። የመመዝገቢያው ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ ነገሩ ቀን ያገኛል። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለስፕሪንት ወይም ለኦሊምፒክ ርቀት ከ12 እስከ 16 ሳምንት ጠንከር ያለ ዝግጅት ይበቃል። ለሰኔ ውድድር እሱ የሚጀምረው ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሦስቱንም ስፖርት በአንድ ላይ ማሳደግ አይጠበቅባችሁም። ይህን ማወቅ በራሱ ትልቅ ሸክም ያወርዳል።

3. ክረምቱን ለዋና ስጡት

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይኼ ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው። መሮጥ አይጨንቀንም፣ ዳገት አይጨንቀንም። ውሃ ግን በልጅነታችን አልነካንም፤ እንዲያውም «ወንዝ እንዳትገባ!» ተብለን ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ሆኖ ዋና መማር ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚያ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። ገንዳው ሞቃት ነው፣ ብርሃን አለው፣ ውድድር አያጣድፋችሁም።

ከሁሉ በፊት ትንፋሽ ላይ ሥሩ። ብዙዎቻችን ፊታችን ውሃ ውስጥ ሳለ ትንፋሽ ይዘን እንቆያለን። አፋችን ከውሃ ሲወጣ ማስወጣትና ማስገባት በአንድ ጊዜ ይሆንብናል። ድካሙና ድንጋጤው ከዚያ ነው የሚመጣው። ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እያለ በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያላችሁ አየሩን አስወጡ፤ ወደ ጎን ስትዞሩ መሳብ ብቻ ይቀራችኋል። ሁለተኛው ችግር እግር መስመጡ ነው። የሯጭ እግር በተለይ ይሰምጣል። ወደ ፊት ማየት ትታችሁ የገንዳውን ወለል ተመልከቱ። ጭንቅላት ዝቅ ሲል ዳሌ ይነሳል።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በቂ ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ገንዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ያርድ ነው፣ ማለትም 23 ሜትር ገደማ። ለመጀመር ይህን ሞክሩ፦ 200 ያርድ በቀስታ፣ ከዚያ 25 ያርድ ስምንት ጊዜ ትንፋሽና አቋም ላይ ብቻ እያተኮራችሁ፣ ከዚያ 50 ያርድ ስምንት ጊዜ በየመሀሉ 20 ሰከንድ እያረፋችሁ፣ መጨረሻ 100 ያርድ በቀስታ። በድምሩ 900 ያርድ ይሆናል፣ ከስፕሪንቱ ዋና ይበልጣል።

በየአራት ሳምንቱ 400 ያርድ፣ ማለት 16 ጊዜ ከጫፍ ጫፍ፣ ዋኝታችሁ ደቂቃውን ጻፉ። ክረምቱን የሚያሻግራችሁ ይህ ቁጥር ነው። በሩጫ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው አምስት ሰከንድ ለማሻሻል ወራት ይፈጅበታል። በዋና ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ለውጡ በወር ውስጥ ይታያል። ጨለማውና ብርዱ ሞራል በሚያወርድበት ሰዓት አንድ ነገር እየተሻሻለ መሆኑን በዓይን ማየት የትም አይገኝም።

አስተማሪ ከቻላችሁ ያዙ፤ አራት አምስት ትምህርት ብዙ ያቃናል። «ማስተርስ» የሚባለው የዋና ቡድን ስሙ ያስፈራል እንጂ 18 ዓመት የሞላውን ሁሉ ይቀበላል። ሹሩባ ያላችሁ ወይም ፀጉራችሁን የምትንከባከቡ እህቶች፣ ገንዳ ከመግባታችሁ በፊት ፀጉራችሁን በንጹሕ ውሃ አርጥቡት። የረጠበ ፀጉር ክሎሪኑን ያን ያህል አይመጥም። ትንሽ ኮንዲሽነር ቀብታችሁ ከዚያ የዋና ቆብ አድርጉ። ወንዶችም ሴቶችም ስትወጡ ፀጉራችሁን አድርቁ፤ እዚህ እርጥብ ፀጉር ከበር እስከ መኪና ይደርቃል፣ በረዶ ሆኖ።

4. ብስክሌቱን ቤት አስገቡት

ብስክሌትን ቤት ውስጥ አቁሞ የሚያስነዳ ማሽን አለ፣ ትሬነር ይባላል። ያገለገለ በርካሽ ይገኛል። ሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ያመሰግናችኋል። ፊት ለፊታችሁ ቬንትሌተር አቁሙ። ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ሰውነት ቶሎ ይግላል፣ ላቡም ይወርዳል።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን አጭርና ጠንካራ ይሁን፦ አሥር ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ሦስት ደቂቃ በኃይል ሁለት ደቂቃ በቀስታ፣ ይህን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በዝግታ። ሌላው ቀን ፊልም እያያችሁ ወይም ዜና እየሰማችሁ አንድ ሰዓት በቀላሉ ንዱ። ዝዊፍትን የመሰሉ መተግበሪያዎች ከሌላ አገር ሰው ጋር ስክሪን ላይ አብረው ያስነዳሉ፤ የግድ አይደሉም፣ ግን ይረዳሉ። የቤት ውስጥ ልምምድ የድሃ አማራጭ የሚመስለው ካለ፣ ካናዳዊው የትራያትሎን ተወዳዳሪ ላየነል ሳንደርስ አብዛኛውን ልምምዱን ቤቱ ውስጥ እየሠራ በፈረንጆቹ 2017 በሃዋይ በተደረገው የአይረንማን (በጣም ረጅሙ የትራያትሎን ዓይነት) የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥቷል።

5. ሩጫውን ከቤት ውጭ አድርጉት

ከቻላችሁ ቢያንስ አንዱን ቀን በብርሃን ሩጡ፣ የምሳ ሰዓትም ቢሆን። ልብስ ስትመርጡ አየሩ ካለው አሥር ዲግሪ የሚሞቅ ይመስል ልበሱ፤ ስትወጡ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ከሰውነት ጋር የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን፣ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። መነሻችሁ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ መመለሻው ነፋሱ ከጀርባ ሆኖ ይሁን። በላብ ርሳችሁ ነፋስ ፊት ለፊት መመለስ አደገኛ ነው። መንገዱ የሚያንሸራትት ከሆነ ጫማ ላይ የሚገጠም የብረት ጥርስ ግዙ። ከነፋሱ ጋር ተደምሮ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ግን ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። ያን ቀን ትሬድሚል፣ ማለትም ቤት ውስጥ የሚያስሮጠው ማሽን ላይ ውጡ።

6. ይሉኝታን ሥራ ላይ አውሉት

እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ሯጮቻችን በቡድን ተሰልፈው ሲሮጡ ያየ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል። ጠዋት የሚያስነሳቸው ሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቃቸው ሰው አለ።

እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለን። ብዙ ጊዜ ይጎዳናል፣ እዚህ ላይ ግን ይጥቀመን። ለራሴ ብቻ ቃል ከገባሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱ ያሸንፈኛል። ጓደኛዬ ገንዳው በር ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ እንደሆነ ካወቅሁ ግን አልተኛም። እንዴት ብዬ? የምትዋኝ መሆን የለባትም፤ እሷ ጂም ትገባለች፣ እኔ ገንዳ። ሲያልቅ ቡና አብረን እንጠጣለን። አንድ ሰው ፈልጉና ሁለት ቋሚ ቀን ያዙ፣ በየሳምንቱ መነጋገር እንዳያስፈልግ።

ቦርሳውን ማታ አዘጋጁት። መነጽር፣ ቆብ፣ ፎጣ፣ ደረቅ ካልሲ። ጠዋት የሚወሰን ነገር መኖር የለበትም። በጣም ከደበራችሁ አሥር ደቂቃ ብቻ እሠራለሁ ብላችሁ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ከፈለጋችሁ ተመለሱ። እኔ የተመለስኩበትን ቀን በጣቴ እቆጥረዋለሁ።

7. ጾሙን ከልምምዱ ጋር አስማሙ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ በገና ይፈታል። በቀጥታ ከዚህ ወቅት ጋር ይገጥማል። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ጾም ሲገባ ልምምድ ያቆማሉ። ማቆም አያስፈልግም። እንዲያውም ወቅቱ ቀለል ያለ ልምምድ የሚፈልግ ስለሆነ ይስማማል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ጠንካራውን ልምምድ ወደ ማታ አዙሩት፣ ከበላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ። ጠዋት ከሠራችሁ ቀላል ይሁን። በባዶ ሆድ ረጅም ዋና ለብቻችሁ አትዋኙ፣ ማዞር ውሃ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ፕሮቲኑን አስቡበት። ልምምድ የሚሠራ 70 ኪሎ ሰው በቀን ወደ 100 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። አንድ ስኒ፣ የአሜሪካውን የመለኪያ ስኒ ማለቴ ነው፣ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው። ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ ቶፉም ጨምሩ። በእንጀራና በጎመን ብቻ የሚያልፍ ጾም ላይ ነው ሰው የሚደክመው።

ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ አሁን ወደ ክረምቱ እየገባ ነው። ለሚጾሙ ወንድሞችና እህቶች ቀላሉን ከአፍጥር ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጠንካራውን ከአፍጥር በኋላ ማድረግ ይሻላል። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ሆኖ ጠንካራው ዝግጅት ላይ ይመጣልና ዕቅዳችሁን ስታወጡ ከወዲሁ ቀን መቁጠሪያው ላይ አስምሩት።

8. ድብርቱን አትናቁት

ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሥራ ሲገባ ጨለማ፣ ሲወጣ ጨለማ የሆነ ሰው መደበሩ የስንፍና ምልክት አይደለም። ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል በሚችልበት አገር ላደግን ሰዎች ለውጡ ከባድ ነው። ጠዋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ይሸጣል፤ ብዙ ሰው ይረዳዋል፣ የዓይን ሕመም ያለበት ግን ሐኪም ይጠይቅ። በክረምት የሰሜኑ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ትደክማለች፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ቫይታሚን ዲ እና የደም ብረታችሁን አስመርምሩ። እንቅልፍ፣ ምግብና ሰው ማግኘት ሁሉ ካስጠላችሁና ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ስለ ልምምድ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ሐኪም አነጋግሩ። እኛ ዘንድ ይህ አይወራም። መወራት አለበት።

ልምምድ ሲያመልጣችሁ አታካክሱት። ማክሰኞ ከቀረ ቀርቷል፤ ረቡዕ ላይ ሁለት አትደርቡ።

9. በረዶው ሲቀልጥ

እዚህ ሐይቁ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ነው። ውሃው ተከፈተ ማለት ግን ለዋና ደረሰ ማለት አይደለም። እስከ ግንቦት መጨረሻ ገንዳው ላይ ቆዩ። ብስክሌቱን ወደ ውጭ ከማውጣታችሁ በፊት ጎማና ፍሬኑን አስፈትሹ፣ መንገድ ዳር ላይ የቀረውን አሸዋና ጨው ተጠንቀቁ። ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ ዌትሱት የሚባለውን ሙቀት የሚጠብቅ የዋና ልብስ ልበሱ፣ ሰው ይኑር አጠገባችሁ። ወገባችሁ ድረስ ግቡና ቁሙ። ፊታችሁን ንከሩ፣ ቅዝቃዜው ደረታችሁን ሲይዘው ትንፋሽ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ብቻ፣ እግራችሁ መሬት በሚነካበት ርቀት፣ ዳሩን ተከትላችሁ ዋኙ። ሐይቁ ላይ የምትይዙት የገንዳ ግድግዳ የለም።