የመኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያው የመኪና ኤሲ ተረስቶ ይከርማል። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ መስኮት ገርበብ ማድረግ ይበቃል። ብልሽቱ የሚታወቀው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ነው፤ ቁልፉ ተጭኖ፣ መብራቱ በርቶ፣ የሚወጣው ግን ሞቃት አየር። ከዚያ ጋራዥ ይኬዳል፤ «ጋዝ አልቋል» ይባላል፤ ይሞላል። ጥቂት ሳምንት ይቀዘቅዝና ተመልሶ ያው።

ቤንዚን ተቃጥሎ ያልቃል፤ የኤሲ ጋዝ ግን በዝግ መስመር ውስጥ የሚዞር ነው። በብዙ ዓመት በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ጥቂት ሊያመልጥ ይችላል። በወራት ውስጥ ከጠፋ ግን ያለ ጥርጥር የሚያፈስ ቦታ አለ። ቦታው ሳይገኝ ጋዝ ማስሞላት ገንዘብ መጣል ነው።

ነፋሱ ጠንካራ ነው፣ አይቀዘቅዝም

ሞተሩን አስነስተው፣ ኤሲውን ከፍተው ኮፈኑን ያንሱ። ልብስዎንና እጅዎን ከቺንጊያውና ከፋኑ ያርቁ። የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ፑሌ፣ ማለትም ቺንጊያው የሚያዞረው መዘውር፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል፤ መታየት ያለበት ከፊቱ ያለው ክብ ሳህን (ክላቹ) «ጠቅ» ብሎ አብሮ መዞሩ ነው። (ክላች የሌለው ኮምፕሬሰር ያላቸው መኪኖች ላይ ይህ ምልክት አይሠራም።)

ሳህኑ ካልተነሳ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) ያስፈትሹ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩን ያቆመው የግፊት ስዊቹ ነው፤ ጋዝ ሲያንስ ሆን ብሎ ያቋርጣል። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር የሚዞር ስለሆነ ጋዝ ሳይኖር ከሠራ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ በግድ ላስነሳው የሚል ካለ አይፍቀዱለት።

አሁን የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ ደግሞ የመንገዱን አቧራ ይይዛል። በባትሪ መብራት የቧንቧ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ሌላው ቦታ ደረቅ ግራጫ ሆኖ አንዱ ላይ ጥቁር፣ ቅባታም ቀለበት ካዩ እዚያ የሳሙና አረፋ ያድርጉበት። አረፋው ከተነፋ አገኙት። ኮንደንሰሩን (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣውን ክፍል) በጠጠር ከተመታበት በኩል፣ ኮምፕሬሰሩን ደግሞ በክላቹ በኩል ይፈትሹ። ኤሲ ለወራት ሳይነካ ሲቀር የዘንጉ ጎሚኒ ዘይት አጥቶ ይደርቃል፤ የደጋ መኪና ኤሲ ሳይሠራ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 10 ደቂቃ ያህል ይክፈቱት። በክረምት የፊት መስታወቱ በጉም ሲሸፈንም ኤሲው አየሩን ስለሚያደርቅ ቶሎ ያጠራዋል።

ጥገናው ሲያልቅ መስመሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በቫኪዩም ፓምፕ መሳብ፣ ከዚያም ተዘግቶ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ ኋላ አለመመለሱ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ደጋ አገር የሚሠራ ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የጥገና መመሪያው መጽሐፍ ጌጁ ወደ 29 ኢንች (በሜርኩሪ) እንዲወርድ ይጠይቃል፤ ያ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ማርቆስ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥሩ ፓምፕም 22 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል፤ ባሕር ዳር 24 አካባቢ። ፓምፑ አላረጀም።

ጋዙ በሚዛን ይሞላ። መጠኑ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። ሞተሩ ጠፍቶ ጌጁ «80 ፒኤስአይ ግፊት አለው» ቢባል መሙላቱን አያሳይም፤ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚከተለው የሙቀት መጠኑን ነው። ከመጠን በላይ መሙላትም ቅዝቃዜውን ይቀንሳል። አር-134ኤ በተባለው የኤሲ ጋዝ የሚሠራ መኪና ውስጥ የማብሰያ ጋዝ የሚሞላ ካለ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ እሳት ነው።

ሲነዱ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆሙ ይሞቃል

ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማውጣት አልቻለም። ኤሲው ሲከፈት ፋኑ መዞሩን ይዩ፤ ካልዞረ ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም የፋኑ ሞተር ነው። ፋኑ ደህና ከሆነ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር ይመልከቱ። ጤፍ በሚወቃበት ወራት በነፋስ የሚመጣ እብቅ ከአቧራ ጋር ገብቶ ይደፍነዋል። በቀስታ ውኃ ይታጠብ፤ ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ውኃ ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ቀዝቅዞ ይጠፋል፣ አርፎ ይመለሳል

ሲጠፋ እጅዎን ቀዳዳው ላይ ያድርጉ። ነፋሱ ራሱ ከደከመ ኢቫፖሬተሩ (ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በረዶ ይዟል፤ የካቢን ፊልትሮውን ያውጡ (በብዙ መኪና ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ ነው)፤ ንጹሕ ከሆነ የኢቫፖሬተሩ የሙቀት ሴንሰር ይፈተሽ። ነፋሱ እንዳለ ሆኖ ሙቀት ብቻ ከሆነ መስመሩ ውስጥ የገባ እርጥበት ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ላይ እየረጋ ሊሆን ይችላል፤ ድራየሩ (እርጥበት የሚመጠው ክፍል) ተቀይሮ በደንብ ቫኪዩም ይደረግ። ክላቹ ሲሞቅ የሚለቅም ከሆነ በሳህኑና በፑሌው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል።

ሌሎች

ነፋስ በከፍተኛው ቁጥር ብቻ ከመጣ ሬዚስተሩ (የነፋሱን ፍጥነት የሚቀንሰው ክፍል) ተቃጥሏል። እግር ሥር ውኃ ካለ የኢቫፖሬተሩ ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል፤ መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ግን ጤነኛ ነው።

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጡ ኤሲው በራሱ ከጠፋ መጀመሪያ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ይዩ። ብዙ መኪኖች ሞተር ሲግል ኮምፕሬሰሩን ያቋርጣሉ። ጠቋሚው ወደ ላይ ካለፈ ኤሲውን አጥፍተው ዳር ይያዙ፤ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን አይክፈቱ።

ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን በዚያ ላልሠለጠነ ሰው አያስነኩ፤ ዘይቱም የተለየ ነው፤ የተለመደው የኤሲ ዘይት የሽቦውን መከላከያ ይጎዳል።